የፈረሱ ጆሮ

(የቼዝ ክበቡ አዳራሽ። የክበቡ መሥራች አዛውንት ካረፉ ወዲህ የአንደኛው ሰሌዳ ወንበር ባዶ ነው፤ የዛሬው አሸናፊ ይቀመጥበታል። ልብስ ሰፊው ሲገባ ወንበሩን እንዳላየ ሆኖ አልፎታል። ተጋጣሚውን፣ ሕግ ስለሚወድ፣ «አንቀጽ» ይሉታል።)

አንቀጽ፦ ነክተሃል።

ልብስ ሰፊው፦ ፈረሱን አልነካሁም፤ ክሩን ነው።

አንቀጽ፦ ክሩ የት ነበር?

ልብስ ሰፊው፦ ፈረሱ ጆሮ ላይ። ከእጅጌዬ ወድቆ ነው።

አንቀጽ፦ የፈረስ ጆሮ ፈረስ ነው። የነኩትን ማንቀሳቀስ ግድ ነው። ለማጽዳት ከሆነ አስቀድመህ «አስተካክላለሁ» ትላለህ።

ልብስ ሰፊው፦ ለክር ፈቃድ? እንዲህ ከሆነማ ሱቄን ልዝጋ።

አንቀጽ፦ ዳኛ፣ አይተሃል አይደል?

(ዳኛው ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ።)

ልብስ ሰፊው፦ ኧረ ወንድሜ፣ እኔ ያቺን ወታደር ልገፋ ነበር ያሰብኩት።

አንቀጽ፦ ያሰብከውን ለሚስትህ ንገራት። ፈረሱን አንሳ።

ልብስ ሰፊው፦ የትም ቢሄድ ትበላዋለህ እኮ።

አንቀጽ፦ እበላዋለሁ። አዛውንቱ «ቼዝ ርኅራኄ አያውቅም» ይሉ ነበር።

ልብስ ሰፊው፦ እሳቸው? «ቀስ በል» ነበር የሚሉት።

አንቀጽ፦ ለአንተ ይሆናል። እኔን እንዲያ ብለውኝ አያውቁም።

ልብስ ሰፊው፦ ይሉህ ነበር። ሳይጨርሱ ትነሳለህ እንጂ። (ፈረሱን ይዞ አመነታ።) ይኸው፣ የማይበላበት አንድ ቤት አገኘሁ። ከንጉሥህ ጓሮ።

(አስቀመጠው። አንቀጽ ለሳቅ የከፈተው አፉ እንደተከፈተ ቀረ። ንጉሡ ጥግ ይዟል፤ ዙሪያውን የራሱ ሰዎች ዘግተውበታል።)

አንቀጽ፦ ወንድምዬ... የነካኸው ክሩን ነው፣ አይደል?

ልብስ ሰፊው፦ ስልህ ከረምኩ።

አንቀጽ፦ ታዲያ መልሰዋ። ለክር ብለን እንጣላለን እንዴ? ወታደርህን ግፋ።

ልብስ ሰፊው፦ ዳኛውስ?

አንቀጽ፦ ዳኛውን ለኔ ተወው።

ልብስ ሰፊው፦ (እጁን ወደ ፈረሱ ሰደደና መለሰው።) ቆይ እስቲ። አንተ እንዲህ ደግ ስትሆን አይቼህ አላውቅም። ንጉሥህን ልየው።

(ሰሌዳው ላይ አጎነበሰ። ጊዜ ወሰደ።)

ልብስ ሰፊው፦ በዚህ አይወጣም። በዚያ የገዛ ግንብህ ቆሟል። ንጉሥህን የሚያጠቃውን ፈረሴንም የሚበላው የለም። ይኼ... ማት ነው?

አንቀጽ፦ መቼ ነው ያየኸው፣ አንተ ተንኮለኛ?

ልብስ ሰፊው፦ እኔ መች አየሁ። ወታደሬን ልገፋ ስል ከልክለህ ፈረሱን ያስነሳኸኝ አንተ። ወንበራቸው ላይ ስቀመጥ፣ ያስቀመጠኝ ማን እንደሆነ ለጠየቀኝ ሁሉ እናገርልሃለሁ።