አዳራሽ የገባው ገና

ለሰው ዱላ አስይዞ «እንዳትመታ» ማለት ግፍ ነው! አይደለም የምትሉ እስከ መጨረሻው ስሙኝ...

በደርግ ጊዜ ጌጃ ሰፈር አናጢ ነበርኩ። ለገና ሜዳ ወጥተን ስንጫወት፣ ዱላዬን ከትከሻዬ በላይ አንስቼ ሩሯን፣ ያቺን ከእንጨት የተጠረበች ኳስ፣ ሳጮላት ድምጿ ሰንጋ ተራ ይሰማል ይባል ነበር። (ባዩ እኔ ነኝ።)

አንድ ዓመት ጓድ ዘሪሁን የሚባል፣ ውጭ አገር ስፖርት ተምሮ የመጣ አሰልጣኝ ቀበሌያችን ተመደበ።

«ከእንግዲህ ጨዋታው አዳራሽ ውስጥ ነው» አለን።

«ይኼ ሁሉ ሰው?»

«በቡድን ስድስት ሰው ብቻ።»

«የቀረነውስ?»

«ታጨበጭባላችሁ።»

አግዳሚ ወንበሮቹን ግራና ቀኝ አጋድሞ አጥር ሠራ። ኳሷ እነሱን ነክታ ትመለሳለች። እስከዚህ ደግ... ከዚያ ግን፦

«መምታት ክልክል ነው። ኳሷ ትገፋለች። ከመሬት የምትነሳውም ወደ ጎል ስትላክ ብቻ ነው።»

«ትገፋለች? ጓድ፣ ኳስ ናት ወይስ የተበላሸች መኪና?» አለ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ሱቅ ያለው ጓደኛዬ ከድር።

እሁድ ከሰዓት ከጎረቤት ቀበሌ ጋር ገጠምን። ሊቀመንበራችን ጓድ በላቸው ከፊት ተቀምጠዋል። ስብሰባ ያረፈደን ሁሉ «አድኃሪ!» የሚሉ ኮስታራ ናቸው። አንድ ለአንድ ሆነን ሰዓቱ ሊያልቅ ነው። ወለል እንደሚወለውል ሰው ጎንበስ ብዬ ገፋሁ... ገፋሁ... ወገቤ ተቆረጠ! ድንገት ከድር ኳሷን አቀበለኝ። ጎሉ ባዶ ነው። እኔ ለመግፋት አስቤ ነበር፤ እጄ ግን አልሰማኝም።

ሩሯ በረረች! ጎሉን ስታ፣ መድረኩ ላይ የተሰቀለውን የጢማሙን ፈረንጅ የአብዮት መሪ ፎቶ... ኳ! መስተዋቱ ዱቄት ሆነ።

በዚያ ዘመን ያንን ፎቶ መስበር ምን እንደሆነ ላልደረሳችሁበት ልንገራችሁ፦ እስር ቤት ስንቅ የሚያመላልስልኝ ዘመድ በሐሳቤ መምረጥ ጀመርኩ።

«ማነው የመታው?» አሉ ጓድ በላቸው እየተነሱ።

«ገ... ገፍቼ ነው።»

«ገፍተህ ነው እዚያ የሰቀልካት?!»

ይኼኔ ጢማሙ ከፍሬሙ ተንሸራቶ ወደቀ። ከሥሩ ማን ብቅ ቢሉ ጥሩ ነው? ጃንሆይ! ከነሙሉ ማዕረጋቸው ቁልቁል ያዩናል። ከኋላ የተቀመጡ አንዲት እናት ልማድ ሆኖባቸው እጅ ነሱ።

ለካ ፍሬም ሲቸግር አዲሱን ፎቶ በአሮጌው ላይ የደረቡት ጓድ በላቸው ራሳቸው ኖረዋል! ላብ አጠመቃቸው። ወንበር ላይ ዘለው ወጡና ኮታቸውን አውልቀው ጃንሆይን ሸፈኑ።

«ማንም ምንም አልመታም! ማንም ምንም አላየም! ጨዋታው ከዛሬ ጀምሮ ወደ ሜዳ ይመለስ!»

ጓድ ዘሪሁን አንገቱን ደፍቶ ዱላዎቹን እየሰበሰበ፣ «የአዳራሹና የሜዳው ልዩነት ሳይገባችሁ ቀረ» አለን።

ኧረ ገብቶናል! ሜዳ ላይ ስትመታ ኳስ ይጠፋል፤ አዳራሽ ውስጥ ስትመታ የጠፋ ሰው ይገኛል።