ስብሰባ የገባው ሆርሞኔ

ወንድ ልጅ ሲከፋው ምን እንደሚል አስተውላችኋል? «ደክሞኝ ነው» ይላል። እኔ አንድ ዓመት ሙሉ ደክሞኝ ነበር። ጠዋት ስነሳ ደክሞኛል፤ ምሳ ስበላ ደክሞኛል፤ ለመተኛት እንኳ ይደክመኛል። ምን ሠርቼ እንደደከመኝ ግን እኔም አላውቅም።

ሥራዬ ፀጉር አስተካካይነት ነው። ላሊበላ ውስጥ፣ ከገበያው ከፍ ብሎ ባለች አንዲት ጠባብ ክፍል አሥራ ስምንት ዓመት ሰው ላጭቻለሁ። ለዚህ ሥራ ደግሞ እጅ ብቻ አይበቃም፤ አፍም ያስፈልጋል። ደንበኛ ግማሹ ለፀጉሩ፣ ግማሹ ለወሬው ነው የሚመጣው። እኔም ብዙ የተመሰገንኩት በወሬው ነበር። ያን ዓመት ግን አፌ ተዘጋ። «ከጎን ይነሳ? ከኋላ ይጠር?» ከዚያ ወዲያ ቃል የለኝም። ሰው ሲስቅ ያናድደኛል። ለአንድ ደንበኛዬ ልጅ ሠርግ ተጠርቼ ደግሞ፣ ሙሽራዋ ስትሸኝ ከእናቷ በላይ አለቀስኩ። ሰዉ ምን ያህል ቢወዳት ነው አለ። እኔ እኮ የልጅቷን ስም እንኳ በቅጡ አላውቀውም ነበር።

በዚህ ላይ ሌላ ጉዳይ አለ። እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? ባለቤቴ የሺ ትባላለች። ከብልባላ ማር እያስመጣች ትሸጣለች። መልከ መልካም ናት፤ ጨዋታ አዋቂ ናት። እኔ ግን ከጎኔ የተኛችው እሷ ትሁን ግድግዳው፣ ልዩነቱ አልታወቅ አለኝ። አፈርኩ። ሳፍር ምን አደረግሁ? ጾም ውስጥ ተደበቅሁ። በዚያ ዓመት እንደኔ የጾመ የለም። ፍልሰታን ጾምኩ። የጽጌን ጾም፣ የፈቃዱን እንኳ፣ አልዘለልኩም። ነቢያትን ጾምኩ። ዓቢይ ጾም ሲገባማ እፎይ አልኩ። በጾም ባልና ሚስት ለየብቻ ስለሆነ የሚጠይቀኝ የለም። የሺ መጀመሪያ ላይ ደስ ብሏት፣ ባሌ እግዜርን አወቀ እያለች ለጎረቤት ታወራ ነበር።

ችግሩ፣ ፋሲካ መጣ። ከፋሲካ በኋላ ደግሞ ሃምሳ ቀን ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም። ተያዝኩ።

አንድ ጠዋት የሺ ማር እያጣራች ሳለ ቀና ሳትል ጠየቀችኝ።

«ሌላ ሴት ካለች ንገረኝ። አልጮህብህም።»

ሴት የለችም አልኳት። ታዲያ ምንድን ነው አለች። ከሰው ሁሉ የደበቅሁት ነገር አፌ ላይ መጣ።

«ወንድነቴ ጠፋኝ፣ የሺ። ደስታዬም አብሮት ጠፋ። የትኛው ቀድሞ እንደሄደ አላውቅም።»

ትስቅብኛለች ብዬ ነበር የፈራሁት። አልሳቀችም። ማሩን አስቀመጠችና እጄን ያዘች። ከዚያ፣ እጅህ ለምንድን ነው የሚንቀጠቀጠው አለችኝ።

እውነቷን ነው፤ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት አባባ ካሴ የሚባሉ የድሮ ደንበኛዬን ስላጭ አንገታቸውን ጭሬያቸው ነበር። ደማቸውን በፎጣ እየጠረጉ፣ ልጄ ቀስ በል፣ ለበዓል የገዛኸው በግ አይደለሁም አሉኝ። ቤቱ በሙሉ ሳቀ። እኔ ግን ፈራሁ። በምላጭ የሚያድር ሰው እጁ ከከዳው ምን ይበላል?

በማግሥቱ የሺ ይዛኝ ወደ ነአኩቶ ለአብ ገዳም ወረድን። ጠበሉን ጠጣሁ፤ ተጠመቅሁ። እዚያ የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ መነኩሴ ጠርተው ምን እንደሆንኩ ጠየቁኝ። ያፈርኩበትን ትቼ ሌላውን ነገርኳቸው፤ ልቤ ይመታል፣ ያልበኛል፣ እየበላሁ እከሳለሁ፣ ሆድ ይብሰኛል አልኩ። ጸሎት አደረጉልኝና፣ ጠበሉን ሳትተው ሐኪም ዘንድ ሂድ አሉኝ። እኔስ ሐኪም ዘንድ መሄዱን ነበር የፈራሁት። እሳቸው ካሉ በኋላ ግን ምን ማምለጫ አለ?

ላሊበላ ያለው ሆስፒታል ወደ ደሴ ላከኝ። ደሴ የገጠመችኝ ሐኪም ሻሿን ጠበቅ አድርጋ ያሰረች፣ ልጄ ልትሆን ምንም ያልቀራት ወጣት ናት። ለእሷ እንዴት ይነገራል? ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የኩላሊት ሥዕል እያየሁ ነገርኳት። ሥዕሉን ዛሬ ሳልሳሳት ልስለው እችላለሁ። እሷ ምንም አልመሰላትም። ስትጽፍ ቆየችና ተነስታ አንገቴን ዳሰሰች።

«ይሄ እብጠት ከመቼ ጀምሮ ነው?»

እንቅርት በኛ አገር ብርቅ አይደለም። በቀን ሃያ አንገት አያለሁ፤ ቀኑን ሙሉ መስታወት ፊት ነው የምቆመው። የራሴን አንገት ግን አላየሁትም።

ደም ተወሰደ። የተወሰነው አዲስ አበባ ድረስ ተልኮ ተመረመረ። ውጤቱ ሲመጣ ሐኪሟ አስቀምጣ አስረዳችኝ። ቴስቶስትሮን የሚባለው የወንድ ሆርሞን ደሜ ውስጥ ሞልቷል። ሞልቷል ስትለኝ ቀና አልኩ። ግን አለች፤ አብዛኛው በሌላ ነገር ተይዞ ነው የሚዞረው፤ ያልተያዘው፣ ነጻ የሚባለው ነው በደንብ የሚሠራው፤ የእርስዎ ነጻው በጣም ትንሽ ነው።

«ሠራተኛው አለ፤ ሁሉም ግን ስብሰባ ገብቷል ማለት ነው?» አልኳት።

ሳቀች። ከዚህ የተሻለ ማስረዳት አልችልም አለች። ስብሰባውን የጠራው ደግሞ አንገቴ ላይ ያለው፣ ታይሮይድ የሚባለው ዕጢ ነው። ከመጠን በላይ እየሠራ፣ ሆርሞኑን የሚይዘውን ነገር አብዝቶታል። እጄን ያንቀጠቀጠው፣ ያከሳኝም እሱ ነው። ለሌላው ሰው ምክንያቱ ሌላ ሊሆን ይችላል አለች፤ ዕድሜ፣ የጉበት ሕመም፣ አንዳንድ መድኃኒት፣ ውፍረት፣ ስኳር፣ የእንቅልፍ እጦት።

የሆርሞኑን መርፌ ልወጋና ልሂድ አልኳት። እምቢ አለች። ጉድለቱ የመጣው ከዕጢው ስለሆነ የሚታከመው ዕጢው ነው። ማልቀሴንና መነጫነጬንም ነገርኳት። እሱን ስትመልስልኝ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«ጠባይዎ አይደለም የተበላሸው። ዕጢውም፣ የሆርሞኑ ማነስም ስሜት ያጨልማል። አብሽሩ፣ ይመለሳል።»

ከመድኃኒቱ ሁሉ በፊት ያቺ ቃል ሠራችልኝ። አንድ ዓመት ሙሉ ክፉ ሰው ሆኛለሁ ብዬ ነበር የማስበው።

ኪኒኑን ጀመርኩ። በአንድ ቀን የሚሆን ነገር አይደለም። መጀመሪያ ልቤ ረጋ። ቀጥሎ እጄ። አባባ ካሴ ደፍረው ወንበሩ ላይ ሲቀመጡ ትንፋሼን ውጬ ላጨኋቸው፤ አንዲት ጭረት የለም። አገጫቸውን ዳብሰው፣ ወሬውስ የት አለ አሉኝ። ጀመርኩላቸው። ከእኔ ቤት ሲወጡ ምሳ አልፏቸው ነበር።

እንዲያውም አሁን ይሄንኑ ታሪክ ለደንበኞቼ አወራለሁ። መጀመሪያ ሲያወሩብኝ እኖራለሁ ብዬ ነበር። ጭራሽ ፀጉሩ ያልደረሰ ሰው ሁሉ እየመጣ ይቀመጣል፤ ቤቱ ባዶ እስኪሆን ይጠብቅና ያቺ ሐኪም ደሴ የት ነው ያለችው ይለኛል።

ከወራት በኋላ ለክትትል ስሄድ፣ ሐኪሟ ነጻው ከፍ ብሏል አለችኝ። መኪና እስክሳፈር መጠበቅ አልቻልኩም፤ መናኸሪያው ውስጥ ቆሜ ለየሺ ደወልኩላት። ሆርሞኔ ነጻ ወጣ አልኳት። አፍንጫዋን ስትስብ ሰማሁ። ያለቀሰች መሰለኝ።

«እንኳን ነጻ ወጣ» አለችኝ፤ «በል ሥራ ስጠው፤ የጓሮው አጥር ከወደቀ ሦስት ወሩ ነው።»

አጥሩን በማግሥቱ አቆምኩት። የቀረውን አልነግራችሁም፤ የሺ ይህን ታነባለች።