የአምስተኛ ክፍል ሽማግሌዎች

ከሥልጠና የተመለሰ መምህር ቢያንስ ለአንድ ሳምንት አደገኛ ነው። ይህን የምለው ማንንም ለማማት አይደለም፤ ስለ ራሴ ነው። ወልድያ ሦስት ቀን ተቀምጬ፣ ደብተርና እስክሪብቶ ታድሎኝ፣ «ትምህርት አሳታፊ ይሁን» ሲባል ሰንብቼ ወደ መርሳ ስመለስ፣ ሚኒባሱ ሲሪንቃን ሳያልፍ የአሥራ ሁለት ዓመት ማስተማሬን ንቄው ነበር። ለካ እስከ ዛሬ ሳስገለብጥ ነው የኖርኩት! ግን ምን ላድርግ? እኛም የተማርነው እንደዚያው ነው፤ ሰሌዳው ከሞላ፣ ደብተሩ ከሞላ፣ ተማሪው ተምሯል።

የማስተምረው ኅብረተሰብ ነው፣ አምስተኛ ክፍል፣ ከመርሳ ወጣ ብላ ባለች ትምህርት ቤት። የሳምንቱ ርዕስ «ግጭትና አፈታቱ» ነበር። በድሮው አያያዜ ቢሆን የግጭት መንስኤዎችን አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብዬ ጽፌ፣ «ገልብጡ» ብዬ፣ መስኮቱ ጋ ቆሜ አላፊ አግዳሚውን አያለሁ። አሁን ግን ሠልጥኛለሁ። «ሽማግሌ ሆናችሁ የተጣላ ሰው ታስታርቃላችሁ፤ ጸቡን ራሳችሁ ታመጣላችሁ፤ ሐሙስ ታቀርባላችሁ» አልኳቸው። የጠበቅሁት ያው የታወቀውን ነው፦ የአንዱ በሬ የሌላውን ማሽላ በላ፣ ተካካሱ፣ ታረቁ፣ ተጨበጨበ።

እዚህ ላይ ስለ ሰይድ ካልነገርኳችሁ ነገሩ አይገባችሁም። ሰይድ የሒሳብ መምህር ነው፤ ክፍሎቻችን ግድግዳ ለግድግዳ ናቸው። ዘጠኝ ዓመት ምሳ የበላነው አብረን ነው። ትምህርት ቤታችን ደግሞ ያላት የምድር ሉል አንዲት ስትሆን፣ ማንም ባይሾመኝም ጠባቂዋ እኔ ነኝ። አንድ ቀን ሰይድ ክብ ነገር ለማሳየት ተውሶ ወሰዳትና ከእግሯ ተሰብራ ተመለሰች። ምን ሆነች ብሎ መጠየቅ ወግ ነበር፤ እኔ ግን መምህራን ማረፊያ ውስጥ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ድሮም የሰው ዕቃ መያዝ አታውቅም፤ ቤትህም እንዲሁ ነው!» አልኩት።

«ቤትህም» የምትለዋን ማን እንደጨመረልኝ እስከ ዛሬ አላውቅም። ምላስ አጥንት የለውም፣ አጥንት ግን ይሰብራል። ሰይድ ደብተሩን አንሥቶ ወጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እሱ ሲገባ እኔ እወጣለሁ፤ እኔ ስገባ እሱ ጠመኔ ይፈልጋል። ሁለት ወር ሞላን። ይቅርታ ልጠይቅ ይሆን? እኔ? የተሰበረችው የኔ ሉል! በዚህ መሃል ሰይድ ወደ ውርጌሳ የዝውውር ፎርም እንደሞላና ዓርብ ርዕሰ መምህሩ ፈርሞ እንደሚልከው ሰማሁ። «ይሂዳ!» አልኩ። አልኩ እንጂ የዚያን ቀን ምሳዬን መጨረስ አልቻልኩም። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ አዲስ የምሳ ጓደኛ ከየት ይመጣል? ከፋኝ፤ አልዋሽም።

ሐሙስ ደረሰ። ሥልጠናው ምን እንዳፈራ ሊያይ አንድ ሱፐርቫይዘር መጣና የግምገማ ቅጹን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ከኋላ ተቀመጠ። ላገሩ አዲስ ነው፤ ከመጣ ወር አልሞላውም።

ዘሐራ የምትባል የአሥራ አንድ ዓመት ተማሪዬ የአባቷን ጋቢ ለብሳ፣ ከዘራ ይዛ ወንበሬ ላይ ጉብ አለች። አያቷ አበጋር ናቸው፤ በኛ አገር ደም የተቃባ ሰው ሳይቀር የሚያስታርቁ ሽማግሌ ማለት ነው። ልጅቱ ጉሮሮዋን የምታጸዳው እንኳ እንደሳቸው ነው። እኔ በሬውንና ማሽላውን እየጠበቅሁ ፈገግ ብዬ ቆሜያለሁ። ከዘራዋን ወደ እኔ ዘረጋችና «አንተ ልጄ፣ ና ቁጭ በል» አለችኝ። ጠዋት «ቲቸር፣ ጠመኔዎን ልያዝልዎ?» ብላ እየሮጠች የተቀበለችኝ ልጅ ናት!

ሌሎች ሁለት ተማሪ «ሽማግሌዎች» ደግሞ ለካ ቀድመው ወደ ጎረቤት ክፍል ሄደዋል። በኛ ዘንድ ሽማግሌ ጠርቶ እምቢ አይባልም፤ ሽማግሌው የወተት ጥርሱን ገና ያልጨረሰ ቢሆንም። ሰይድ ጠመኔውን እንደያዘ ገባ፤ ሱፐርቫይዘሩን አየ፤ መውጫ የለውም፤ ተቀመጠ። እኔ ላብ አጠመቀኝ። ማስቆም እችላለሁ? አሳታፊ ይሁን ያልኩ እኔ!

«ሁለት ወር ተኮራርፋችኋል፤ ለፍርዳችን ዋስ ጥሩ» አለች ዘሐራ። ሰይድ ከፊት የተቀመጠ ተማሪ ጠራ። እኔ ዙሪያውን ሳማትር ሱፐርቫይዘሩ እየሳቀ እጁን አወጣና «እኔ እሆነዋለሁ» አለ። ጨዋታው ጥሞታል።

መጀመሪያ ሰይድ ተናገር ተባለ። «ሉሏ እጄ ላይ ተሰብራለች፤ መጥቼ አለመናገሬ ጥፋቴ ነው። ቤቴን ግን ያውቃታል። ገብቶ ያልበላበት ዓመት የለም» አለ። ዘሐራ ወደ እኔ ዞረች። «አንተ ልጄ፣ እናትህ ያረፉ ጊዜ ከቅሬው ዕድርተኛ ሁሉ ቀድሞ ለመቃብሩ ዶማ ያነሣው ማነው?» አለችኝ። አያችሁ? እኛ ልጆቹን እናስተምራለን እንላለን፤ እነሱ ግን የቀብራችንን ተራ ሳይቀር ያውቃሉ። «ሰይድ ነው» አልኩ፣ ወደ እሱ ሳላይ።

ፍርዱ አጭር ነበር። «ሉሏ በሽቦ ትታሰር። አንተ በአፍህ ሰው ገድለሃል፤ ተነሥና ጉልበቱን ሳም።» ተነሣሁ። ሰይድ ጉልበቱ ጋ ሳልደርስ ትከሻዬን ያዘና «አፉ ብያለሁ ወንድሜ፣ አፉ ብያለሁ» አለኝ። አለቀስኩ። ስልሳ ልጅ ፊት፣ በሥራ ሰዓት፣ ነጭ ጋውኔን ለብሼ ተንሰቀሰቅሁ። ዘሐራ «ቂማችሁን ውሃ ይውሰደው» ብላ መረቀች፤ ክፍሉ «አሚን!» ሲል ቆርቆሮው ተንቀጠቀጠ። ሱፐርቫይዘሩ ተነሥቶ አጨበጨበ።

ሰይድ ከክፍሉ በቀጥታ ርዕሰ መምህሩ ጋ ሄዶ ፎርሙን መልሶ ወሰደ። የዚያን ቀን ምሳ አብረን እየበላን ሳለ ሱፐርቫይዘሩ የሞላው ቅጽ ደረሰን። እኔ እጄ በወጥ ተነክሮ ስለነበር ጮክ ብሎ ያነበበው ሰይድ ነው፦ «የተማሪ ተሳትፎ በጣም ጥሩ። የሁለቱ መምህራን ትወና የሚደነቅ ነው፤ በተለይ እንባው። መስተካከል ያለበት፦ ታሪኩ አይታመንም። ሁለት የተማሩ ሰዎች በአንዲት ሉል ምክንያት ሁለት ወር አይኮራረፉም። ለወደፊቱ በእውነት ሊደርስ የሚችል ጸብ ይቅረብ።»