ሁሌ ከሰላምታ የሚጀምረው ሰይድ

ስልክ ሲቋረጥ ሰው ምን ያደርጋል? መልሶ ደውሎ ወሬውን ይቀጥላል። የደሴው ወዳጄ ሰይድ ግን እንደ አዲስ ይጀምራል። «አሰላሙ አለይኩም! ደህና ነህ ወይ? ልጆቹስ? ዝናቡስ እንዴት ነው?» ኔትወርኩ በተቋረጠ ቁጥር ልጆቼ እንደገና ይጠየቃሉ።

እንዲህ ያለ ሰው ፕሮግራም ሲሠራ ምን ይመጣል ትላላችሁ? ኮምቦልቻ ላለው የሰፈራችን ወፍጮ ቤት የወረፋ ፕሮግራም ሠራ። ባለፈው መብራት ጠፍቶ ሲመጣ፣ ወረፋ ቁጥር የሚሰጠው ማሽን ሁላችንንም ረስቶ ከቁጥር አንድ ጀመረ። አንደኛ የሆነው ገና ጤፉን ከአህያው ያላወረደ ሰውዬ ነው! ከጠዋት ጀምሮ የቆሙት እትዬ ዘሃራ፣ «ወላሂ፣ ዛሬ ካልፈጨሁ ይሄን ማሽን ነው የምፈጨው!» አሉ።

ለሰይድ ደወልኩ። ሰላምታው ሲያልቅልኝ ጮህኩበት። «አዲስ መጀመር ሌላ፣ ካቆሙበት መቀጠል ሌላ! ለየብቻ ጻፋቸው እንጂ!»

«እውነትህን ነው» አለ። «ከእንግዲህ ሲነሳ የተቀመጠ ወረፋ መኖሩን ያያል። ካለ ይቀጥላል፣ ከሌለ...» ስልኩ ተቋረጠ።

መልሶ ደወለና፣ «...ከሌለ ብቻ ከአንድ ይጀምራል» አለኝ።

በጣም ተቀየምኩ።

«ቆይ እንጂ ሰይድ» አልኩት፣ «ምን በድዬህ ነው ሰላምታ የነሳኸኝ?»