በቀትር መርዶ የለም

ፊልም በሚታይበት አገር ሁሉ፣ ፊልሙን ከሠሩት ሰዎች ይልቅ የሚያውቅ አንድ ሰው አይጠፋም። የቆቦው ካሳው ይባላል። ሙያው ልብስ ስፌት፣ ማዕረጉ ሊቀ ፊልም። ማዕረጉን የሰጠው የለም፤ ራሱን በራሱ ሾመ። በወጣትነቱ አሥመራ ከአንድ ሲኒማ ቤት ደጃፍ የተቆላ ሱፍ ይሸጥ ነበርና፣ እሱ እንደሚለው፣ በሩ በተከፈተ ቁጥር ትምህርቱ ወደ ውጭ እየፈሰሰ ገብቶታል።

ዓሊማ ይህን ሰው አትወደውም። የፊልም ማሳያው መኪና ጄኔሬተሩን ጭኖ ቆቦ ሲገባ፣ ቀበሌው ሰውን እንደ ስብሰባ ለፊልም ይጠራል፤ መቅረት ያስጠይቃል። በአዳራሹ ግድግዳ ላይ የሩቅ አገር ሴቶች ባልና ልጅ ለጦርነት ሸኝተው ሲያርሱ፣ ሲያጭዱ፣ ሲጠብቁ ይታያሉ። ቋንቋው የሩሲያ፣ መስኮብኛ ነው፤ የሚሰማው የለም። ስለዚህ ካሳው ሊተረጉም ይነሣል። ከዚያ በኋላ ጥንቅሽ በሰላም ማኘክ የለም።

በረዶ ሲወርድ፣ "ጨው ነው" ይላል ካሳው። የአፋር ጨው ከመሬት ይቆረጣል፤ የእነዚህ ከላይ ይወርድላቸዋል። ሴቶቹ ቀንበር ተሸክመው ሞፈር ሲጎትቱ አንድ ሽማግሌ በሬዎቹ የት ሄዱ ቢለው፣ ፈገግ እንኳ ሳይል "ዘምተዋል" አለ። ግማሹ አዳራሽ ሳቁን በነጠላው አፈነ። የቀበሌው ካድሬ ጓድ ውዱ የአብዮት ስሜት መስሎት አጨበጨበ።

ከሁሉ የከፋው አመሉ ግን የሚሞተውን አስቀድሞ መናገሩ ነው። ወታደሩ እናቱን ስሞ ገና ሳይወጣ፣ ይህ አይመለስም ብሎ ይፈርድበታል። ዓሊማ ይህን ስትሰማ፣ የልብስ ሰፊውን አፍ የሚሰፋ ሌላ ሰፊ ይጠፋ እንደሆነ ጮክ ብላ ትጠይቃለች።

በጥቅምት አንድ ምሽት ዓሊማ ጎረቤቷን ብዙነሽን ይዛ ገባች። የብዙነሽ አንድ ልጇ ታረቀኝ ለብሔራዊ ውትድርና ከሄደ ወዲህ ክረምቱን ሙሉ ድምፁ ጠፍቷል። ብዙነሽ ጦሩንም ታንኩንም አታይም፤ የምታየው በፊልሙ ያለችውን እናት ብቻ ነው።

ያን ዕለት እናትየዋ ድንች ትቆፍር ነበር። አንድ መኮንን በጠራራ ፀሐይ ብቻውን መጥቶ አጥሩ ዘንድ ቆመና ቆቡን አወለቀ። እናትየዋ መቆፈሪያዋን ለቀቀች። ብዙነሽ የዓሊማን ክንድ ጨመቀች። ዓሊማ፣ ዛሬን እንኳ አፉን ያዝልኝ ብላ አላህን ለመነች።

ካሳው ተነሣ። "ልጇ ተሹሟል" አለ። "አለቃው ሊያበስራት ነው የመጣው።"

ጓድ ውዱ ከፊት ዞሮ አረመው። የፊልሙ ትምህርት ከአውራጃ ተነግሮታል፦ ልጁ ተሰውቷል፤ እናትየዋም በኩራት ሁለተኛውን ትልካለች።

"ጓድ፣ መቼም እርስዎ የተማሩ ነዎት" አለ ካሳው ጉሮሮውን ጠርጎ። "ግን መርዶ በቀትር ይነገራል? ሽማግሌ የለ፣ ጎረቤት የለ፣ ጎህ ሲቀድ ደጅ የቆመ የለ። አንድ ሰው ብቻውን መርዶ ተሸክሞ ይሄዳል? ወዳጅ አገር ናቸው እያሉን፣ ወዳጆቻችን እንዲህ ያለ ነውር ይሠራሉ?"

ሽማግሌዎቹ፣ እውነቱን ነው፣ እንዲህ ያለ መርዶ የለም አሉ። ጓድ ውዱ ወዳጅ አገርን በነውር መክሰስ እንዳይሆንበት ፈርቶ ፊቱን ወደ ግድግዳው መለሰ። ግድግዳው ላይ እናትየዋ መሬት ተደፍታ ታለቅሳለች። ካሳው፣ ደስታም እንዲህ ይጥላል አለ።

ሲወጡ ብዙነሽ አስቆመችው።

"አያ ካሳው፣ እኔም እናት ነኝ። አወዳደቋን አይቻለሁ።"

ካሳው መሬት መሬት አየ።

"ቢሆንም ያልከው ልክ ነው" አለች። "ጎህ ሲቀድ ደጄ የቆመ እስካሁን የለም። እኔም በዚያ ተስፋ ነው የምኖረው።"

በማግስቱ ዓሊማ ለሱብሒ ሶላት ተነሥታ ወጣ ስትል፣ በብዙነሽ አጥር ሥር አንድ ሰው በጭለማ ቆሟል። መርዶ መጣ አለች በልቧ። ቀረብ ብላ ብታየው ካሳው ነው።

"አንተ ጉድ፣ በዚህ ሰዓት ደጇ ትቆማለህ? ልትገድላት ነው?"

"መርዶ ይዞ የሚመጣ ካለ ከመንገድ ልመልስ ብዬ እኮ ነው" አለ ካሳው በሹክሹክታ። "ደግሞ ብቻዬን ነኝ። ብቻውን የቆመ መርዶ አይደለም።"

ዓሊማ ከአያቱ ጀምራ ሰደበችው። ሰድባ ሲደክማት እጁን ጎትታ ወደ ራሷ ግቢ አስገባችውና ከአጥሯ ጀርባ ድንጋይ አስቀመጠችለት። እዚያ ቢቀመጥ ብዙነሽ አታየውም፤ መንገዱ ግን እስከ ዳር ይታያል።