ቆጠራ ላይ ያለ ሰው ሰላም አይባልም

በአራዳ ምድር ሁለት ዓይነት ሰው አለ፤ ሰላም ሲሉት የሚመልስ ሰውና ኪሮሽ የያዘ ሰው። ሁለተኛውን ዓይነት አላውቅም የሚል አንባቢ ካለ እናትም አክስትም ጎረቤትም የለውም ማለት ነው። በየሰፈሩ አንዲት አለች። ሬዲዮኑን ዳንቴል አልብሳ፣ ጠረጴዛውን አልብሳ፣ የወንበሩን መደገፊያ አልብሳ ስትጨርስ፣ የቀረው ራቁት ነገር እርስዎ ብቻ መሆንዎን አይታ አንገትዎን በዓይኗ የምትለካ ሴት። ሲያናግሯት ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ልትመልስልኝ ነው ብለው ጆሮዎን ያስጠጋሉ፤ እሷ ግን እየቆጠረች ነው።

የዚህ ወገን አለቃ፣ የኪሮሽ ፊታውራሪ፣ የነጭ ክር ባላባት፣ ክብርት እትዬ ሙሉእመቤት ናቸው። ከሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አለፍ ብሎ ክርና ቁልፍ የሚሸጡባት ሱቅ አለቻቸው። ሱቋ እሳቸውንና አንድ ደንበኛ ትይዛለች፤ ደንበኛው ቀጭን ከሆነ። ሙያውን የቀሰሙት ጠላት ከወጣ በኋላ ከአንዲት አርመናዊት ልብስ ሰፊ ነው ይባላል። እሳቸው ግን "እሷ አያያዙን አሳየችኝ እንጂ ትዕግሥቱን ያመጣሁት ከራሴ ነው" ይላሉ። ትዕግሥት የሚሉት የእኛን ትዕግሥት መሆኑን ለመረዳት ለሸሚዝ አንድ ቁልፍ ልግዛ ብሎ ሱቃቸው ብቅ ማለት ይበቃል።

"ደኅና አደሩ እትዬ ሙሉ?" ይላሉ እርስዎ። እትዬ ሙሉ ቀና አይሉም። ክሩ የተጠመጠመባት የግራ እጃቸው ትንሿ ጣት ብቻ ቀስ ብላ ወደ ላይ ትነሳለች። ትርጉሟን ከድልድዩ እስከ ጊዮርጊስ የማያውቅ የለም፤ "ረድፉን ልጨርስ" ማለት ነው። ረድፉ አልቆ ጣቷ እስክትወርድ ድረስ መሬት ብትንቀጠቀጥ መልስ የለም። የንስሐ አባታቸው ሳይቀሩ መስቀላቸውን ይዘው ቆመው ሲጠብቁ አይቻለሁ።

አንድ ቀን አቶ ጸጋይ የሚባሉ፣ የሱቆችን ፈቃድ የሚቆጣጠሩ ሹም ቦርሳቸውን አንጠልጥለው መጡ። "ፈቃድዎን ያሳዩኝ" አሉ። ጣቷ ተነሳች። "ወይዘሮ፣ የመንግሥት ሥራ ነው!" አሉ። ጣቷ እንደቆመች ናት። አቶ ጸጋይ ግራ ቀኝ አዩና የተገለበጠች ሣጥን ላይ ተቀመጡ። በዚህ መሀል አንዲት ሴት መጥታ ጥቁር ክር ስትጠይቅ፣ የሚመልስላት ሰው ስላልነበረ እሳቸው ተነስተው ከመደርደሪያው አወረዱላት። ቀጥሎ የመጣውን ወታደርም አስተናገዱ፤ ቁልፉን ከነምርጫው። ረድፉ ሲያልቅ እትዬ ሙሉ ቀና ብለው "አሁን እንዴት አደሩ ጌታዬ? ቤተሰብ ደኅና? ልጆች ደኅና? ያ ብርድ እንዴት አደረጋችሁ?" እያሉ ሰላምታውን ሲያወርዱባቸው፣ አቶ ጸጋይ የመጡበትን ረስተው አመስግነው ሄዱ።

አውቶቡስ ላይም እንዲሁ ናቸው። ዘመድ ሊጠይቁ ከፒያሳ ወደ ስድስት ኪሎ ሲሄዱ መውረጃቸው የደረሰው ረድፉ መሀል ላይ ነው። አልወረዱም። መኪናው ዞሮ ፒያሳ ሲመልሳቸው ረድፉ አለቀ፤ እሳቸውም ወርደው ወደ ሱቃቸው ገቡ። "ዘመድዎስ?" ብላቸው "ዘመድ የትም አይሄድም" አሉኝ። ሥላሴ ሠርግ ተጠርተው የሄዱ ዕለት ደግሞ ከባሕር ማዶ የመጣውን የሙሽራዋን የራስ ዳንቴል ከሩቅ አይተው "እዚያ ጋ ሠሪዋ አንድ ቀዳዳ ዘላለች" ብለው ተነፈሱ። ከዚያ በኋላ በአካባቢያቸው የቆምን ሁሉ ሙሽራዋን ማየት አቃተን፤ ያቺን ቦታ ብቻ ስናይ ዋልን።

ሰው ለምን ይታገሣቸዋል ያለኝ እንግዳ አለ። ሻርፓቸውን ስላላየ ነው። እትዬ ሙሉ የሚሠሯት የአንገት ሻርፕ እጅዎ ላይ ሲያኖሯት መኖሯን ለማረጋገጥ ዝቅ ብለው ማየት ይኖርብዎታል። ወተት ሲፈላ ከላይ እንደሚይዘው ስስ ነገር ናት። ክረምት ላይ አንገትዎ ላይ ጣል ካደረጓት ግን ትሞቃለች፤ እንዴት እንደምትሞቅ እኔ አላውቅም፤ የሚያውቅም አላገኘሁም። የሻርፕ መመዘኛቸው ደግሞ የእኔ ጋዜጣ ነው። እኔ ጎረቤት ነኝ፣ ጸሐፊ ነኝ፣ ጠዋት ጠዋት ጋዜጣ ይዤ በሱቃቸው በኩል አልፋለሁ። የተሠራችውን ሻርፕ ጋዜጣው ላይ ዘርግተው "አንብብ" ይሉኛል። ፊደሉን በእሷ አሳልፌ ካነበብኩ ሻርፕ ናት። ከተንተባተብኩ "ፊደል ከጋረደማ ብርድ ልብስ ነው!" ብለው ይፈርዳሉ።

ፍርዱ የሚጸናው ከሁሉ በላይ ከሰዓት ከሰዓት ሱቁ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው በሚማሩት የሰፈር ልጃገረዶች ላይ ነው። አንዲት ቀዳዳ ከጓደኞቿ ከሰፋች ወይም ከጠበበች፣ "ተርትሪው!" ይላሉ። ልቅሶ የለም፣ ልመና የለም። ልጅቷ የሳምንት ሥራዋን እየሳበች መልሳ ክር ታደርገዋለች። ይህን ካየሁ ወዲህ ጋዜጣውን ሳነብላቸው ያላየሁትንም ፊደል አንበለብላለሁ። የአገራችንን ዜና በዚህ መንገድ ብዙ ጊዜ አሻሽያለሁ።

ከልጃገረዶቹ ሁሉ የበለጠች ነሲባ ናት፤ ከእኔ ቤት ጋር በአጥር የምንዋሰነው የወይዘሮ መይሙና ልጅ። ጣቶቿ ፈጣን፣ ቀዳዳዎቿ እኩል። አንድ ጉድለት ብቻ አለባት፤ ትልቅ ሰው ሲመጣ ትነሳለች። ቆጠራ ላይ ሆና፣ ረድፉ መሀል፣ ኪሮሹ ክሩ ውስጥ ተሰክቶ፣ ትነሳለች። ሰላም ትላለች፣ ሰላም ስትባል እስከ መጨረሻው ትመልሳለች፣ ስትቀመጥ ቁጥሩ የለም። እትዬ ሙሉ በዚህ ያላዘኑት ሐዘን የለም። "ይህች ልጅ እጇ ወርቅ ነው፤ አስተዳደጓ ነው ያበላሻት" ይላሉ።

ነሲባ ታጨች። ልጁን ትወደዋለች፤ ይህን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ እሷ ብቻ ናት የማይታወቅ የሚመስላት። ችግሩ የልጁ እናት ናቸው። ወይዘሮ ሸፊቃ በጨርቅ ንግድ ያረጁ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው በጣታቸው ጨርቅ የሚለዩ ሴት ናቸው። ከዚህ በፊት ለልጃቸው የታሰበች አንዲት ልጅ በቀሚሷ ጠርዝ ጠማማነት ቀረች ይባላል። አሁንም "ኒካው ከመታሰሩ በፊት የልጅቷን እጅ ማየት እፈልጋለሁ፤ ራሷ የሠራችውን" ብለው ላኩ። ነሲባ በሠርጓ ዕለት ራሷ ላይ የምትጥለውን ነጭ ሻርፕ ጀመረች።

የጀመረችው ግን ዘመድ ከወሎ በሚገባበት ሰሞን ነበር። ወይዘሮ ሸፊቃ የሚመጡበት ቀን ሲደርስ እትዬ ሙሉ ወደ ወይዘሮ መይሙና ቤት ተጠሩ፤ የተማሪዋን ሻርፕ ጠርዝ የሚዘጉት ሁልጊዜ እሳቸው ናቸው። እኔም ጋዜጣዬን ይዤ ተከተልኩ። እትዬ ሙሉ ሻርፑን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው በጣታቸው ሲሄዱበት አንድ ቦታ ላይ ቆሙ። ትንሽ ሄደው ደግሞ ቆሙ።

"እዚህ ጋ ምን ሆነሽ ነው?"

"አጎቴ ዘይኑዲን ከደሴ ገቡ፣ እትዬ" አለች ነሲባ። "ተነስቼ ጉልበታቸውን ስሜ ስመለስ ቁጥሩ ጠፋኝ።"

"እዚህስ?"

"አያቴ።"

"እነዚህ የተከታተሉት ሁለቱ?"

"ወረኢሉዎቹ ናቸው። አንደኛው ሊቀመጡ ሲሉ ሌላኛው ገቡ።"

"ጣት ማንሳት አላስተማርኩሽም?"

"አስተምረውኛል። ግን እንዴት ብዬ እትዬ? እነሱ ቆመው እኔ ተቀምጬ?" እንባዋ መጣ።

እኔ "ተርትሪው!" የሚለውን ስጠብቅ ትከሻዬ ተኮማትሯል። እትዬ ሙሉ ሻርፑን አገላበጡና "ስጪኝ፤ እኔ እስከ ማታ እንደ አዲስ አወጣዋለሁ" አሉ። ነሲባ ራሷን ነቀነቀች። "እሱ የእርስዎ እጅ ነው የሚሆነው እትዬ። እሳቸው ያሉት የእኔን ነው። አልዋሻቸውም።" እትዬ ሙሉ ትኩር ብለው አዩዋት። ከዚያ ኪሮሻቸውን አውጥተው የሻርፑን ጠርዝ መዝጋት ጀመሩ።

ወይዘሮ መይሙና አጠገባቸው ተንበረከኩ። "እትዬ ሙሉ፣ አፈር ስሆን፣ ሴትዮዋ ሲገቡ ያቺን ጣትዎን እንዳያነሱብኝ። ተናቅሁ ብለው ከደጅ ነው የሚመለሱት። የልጄ ነገር ያልቅልኛል።"

"ቃል አልሰጥሽም። እኔ አይደለሁም የማነሳት፤ ራሷ ናት የምትነሳው" አሉ እትዬ ሙሉ።

ጠርዙ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው፣ ከተባለውም ሰዓት ቀደም ብለው፣ ወይዘሮ ሸፊቃ በሩ ላይ ቆሙ። "አሰላሙ አለይኩም! እንደምን ዋላችሁ!" ሁላችንም ተነሳን። እትዬ ሙሉ ተቀምጠዋል። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ወይዘሮ ሸፊቃ ዓይናቸውን እሳቸው ላይ ጣሉ፤ ፊታቸውም መጥቆር ጀመረ። በዚያች ቅጽበት የእትዬ ሙሉ የግራ እጅ ትንሿ ጣት ስትላወስ አየኋት። ወይዘሮ መይሙና ዓይናቸውን ጨፈኑ። ነሲባ አልጨፈነችም፤ አስተማሪዋን ነበር የምታየው።

ጣቷ ግማሽ መንገድ ደርሳ ተመለሰች። እትዬ ሙሉ ተነሱ። ኪሮሹ ከክሩ ወጥቶ ምንጣፉ ላይ ወደቀ።

"ደኅና ዋሉ እመቤቴ? እንደምን ሰነበቱ? ቤተሰብ ደኅና? ገበያው እንዴት ነው? ጉልበትዎ በዚህ ዳገት እንዴት ቻለልዎ? ልጆች? የልጅ ልጆች?" በሕይወታቸው ሳይመልሱ ያጠራቀሙትን ሰላምታ በሙሉ በአንድ ጊዜ የሚያራግፉ መሰለኝ። ወይዘሮ ሸፊቃ አንዱን መልሰው ሳይጨርሱ ሌላው እየመጣባቸው፣ አልሐምዱሊላህ ሲሉ፣ አልሐምዱሊላህ ሲሉ፣ በመጨረሻ የድካም ሳቅ አመለጣቸውና ተቀመጡ።

እትዬ ሙሉም ተቀምጠው ኪሮሹን አነሱ። የነበሩበት ቁጥር ጠፍቷል። እንደ ሕጋቸው ቢሆን ያን ረድፍ ከሥሩ መተርተር ነው። ሻርፑን ጥቂት አዩት፤ ከዚያ ያገኙት ቦታ ላይ ሰክተው ቀጠሉ፣ ጨረሱ፣ ክሩን በጥርሳቸው በጥሰው ለወይዘሮ ሸፊቃ ሰጡ።

ወይዘሮ ሸፊቃ ሻርፑን በጣታቸው እየዳሰሱ ሄዱ። ቆሙ። "ይቺ ምንድን ናት?"

ነሲባ አፏን ስትከፍት እትዬ ሙሉ ቀደሟት። "እሷ ላይ አጎቷ ከደሴ ገቡ።"

"ይቺስ?"

"አያቷ ናቸው። ልጅቱ ሽማግሌ ሲገባ ቁጥሯን ትታ ትነሳለች። ተይ ብዬ አስተምሬያት ነበር፤ እምቢ አለች።"

ወይዘሮ ሸፊቃ መዳሰሳቸውን ቀጠሉ። ወረኢሉዎችን አልፈው ጠርዙ ላይ ደረሱ። እዚያ ከሁሉም የሰፋች አንዲት ቀዳዳ አለች። ጣታቸው እዚያ ላይ ቆየ። "ይቺ ግን የልጅቷ እጅ አይደለችም" አሉ።

"አይደለችም። የእኔ ናት" አሉ እትዬ ሙሉ። "እሷ ላይ እርስዎ ገቡ።"

ወይዘሮ ሸፊቃ ነሲባን ወደ ራሳቸው ጠሩ። ሻርፑን ሁለት ጊዜ አዙረው የሰፋችውን ቀዳዳ ፈለጉ፣ አገኙ፣ ግንባሯ ላይ እንድትውል አድርገው በገዛ እጃቸው አለበሷት። "በይ ልጄ፣ የእኔ ከፊት ትሁን" አሏት።

ወይዘሮ መይሙና እልል አሉ፤ ነሲባ አለቀሰች፤ የወሎ ዘመዶች ከጓዳ ተንጋግተው ወጡ። እኔ እትዬ ሙሉን ነበር የማየው። በዚያ ሁሉ ዓመት ስህተት ያለበት ሥራ ከእጃቸው ሲወጣ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው፤ ምን ያህል እንደከበዳቸውም ከማንም በላይ አውቃለሁ። እኔ እኒህን ሴት እወዳቸዋለሁ። ደፍሬ በፊታቸው ብናገር ያፍራሉ እንጂ ደስ አይላቸውም፤ ስለዚህ ለአንባቢ ነገርኩ። እሳቸው በዚያ ጩኸት መሀል አንገታቸውን አስግገው የሙሽራዋን ግንባር ሲያዩ ቆዩና፣ ወደ እኔ ጠጋ ብለው "ከሩቅ ታስታውቃለች?" ሲሉ ጠየቁኝ።

"አታስታውቅም" አልኳቸው።

"ዋሸህ" አሉ። "ታስታውቅ። እንድትታይ ነው የተውኳት።"