ዋስ የጠየቀው ኮምፒውተር

መተማመን እንደ ቆቦ ዝናብ ነው፤ መቼ እንደሚመጣ ማንም አያውቅም፣ ሲቀር ግን ሁሉም ያውቃል። አባቶቻችን «ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ» ብለው ያስፈራሩንና ወዲያው ዞር ብለው «ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል» ይሉናል። ሁለቱን አስታርቃችሁ መኖር ከቻላችሁ እናንተ ጎበዞች ናችሁ። እኛ የራያ ሰዎች ግን ነገሩን በአጭሩ ቋጭተነዋል። ዋስ አምጣ።

ከብት ተራ ወርዳችሁ ከሆነ ታውቁታላችሁ። ሻጩ በአላህም በማርያምም ቢምል፣ ገዢው ከበሬው ጥርስ አስቀድሞ የሚያየው ከሻጩ ጎን የቆመውን ሰው ነው። «በሬው የራሱ ነው፣ የተሰረቀ አይደለም» የሚል የታወቀ ሰው ከሌለ በሬው በመጣበት ይመለሳል። ዋሱ ካልታወቀ ለዋሱም ዋስ ይጠራል። እስከ የት? ሁሉም የሚያውቃቸው ሽማግሌ ዘንድ እስኪደረስ። እዚያ ያበቃል።

ይህን ሁሉ የምለፈልፈው ስለ በሬ ላወራችሁ አይደለም። ስለ ኮምፒውተር ነው።

የእህቴ ልጅ ሰናይት አውራ ጎዳናው ዳር ኮምፒውተር ቤት አላት። ሙቀቱ ሲበረታ እዚያ ሄጄ ከቬንቲሌተሯ ፊት መጽሐፍ አነባለሁ፤ ያልገባኝን እጠይቃታለሁ፣ ትንገሸገሻለች፣ ግን ትመልሳለች። አንድ የገበያ ቀን የሮቢቱ ጋሽ ያሲን ልጁን ፋጡማን ይዞ መጣ። ፋጡማ ለነርስነት ትምህርት ልትመዘገብ ነው። ምዝገባው ኮምፒውተር ላይ በሚጫን ፕሮግራም እንጂ በስልክ አይሆንም፣ የሚዘጋውም በዚያው ዕለት ነው። ይህ ካመለጣት አጎቶቿ ያሰናዱላት ሌላ ምዝገባ አለ፤ የሠርግ። አባትየው «ትማራለች» እያለ ወንድሞቹን ሲመልስ ከርሟል።

ሰናይት ፕሮግራሙን ከፈተችው። ቀይ ጽሑፍ ወጣ።

«ምን አለ?» አላት ጋሽ ያሲን።

«አላምንም አለ» ብላ ስልኳን ይዛ ወደ ጓዳ ገባች።

ማንን እንደማያምን መንገር ነበረባት። ጋሽ ያሲን ልጁን አየ፣ ቀይ ጽሑፉን አየ፣ ከዘራውን አንስቶ ወጣ። ንዴቱን ሊያበርድ የሄደ መሰለኝ።

ሰናይት ስትመለስ እንደ ልማዴ ጠየቅኋት። «እትዬ» አለችኝ፣ «ይህ ፕሮግራም የሚያምናቸው ትልልቅ ዋሶች አሉት። የሚያውቃቸው የድሮዎቹን ብቻ ነው። የምዝገባው ቤት ደግሞ አዲስ ዋስ ይዞ መጣ። ደሴ ያለች ጓደኛዬ አዲሶቹን ላከችልኝ፣ ግን የተጻፉት ይህ ፕሮግራም በማያነበው ዓይነት ነው።»

«የላከችልሽ ያው የምዝገባው ቤት ዋሶች ናቸው?»

«ያው ናቸው። የተለየው አጻጻፉ ነው።»

ይህማ ገባኝ። እርቅ ላይ ሙስሊሙ በቁርኣን፣ ክርስቲያኑ በመስቀል ይምላል፤ ቃሉ ግን አንድ ነው። ሰናይት ሥዕል የሌለው ጥቁር መስኮት ከፍታ አንድ መስመር ጻፈችበት። ኮምፒውተሩ አንዱን አጻጻፍ ዋጠና ሌላውን አወጣ። ያ ሁሉ ግሳንግስ በአንድ መስመር ትእዛዝ እሺ ብሎ ሲገለበጥ ሳይ፣ ምነው ለባሌም እንዲህ ያለ በተገኘ አልኩ።

መጨረሻ ላይ ግን ቆሞ ጠየቃት፦ ይህን ዋስ ታምኛለሽ?

ይህኔ በሩ ጨለመ። ጋሽ ያሲን ነው፤ ከኋላው ሁሉም የሚያውቃቸው ሽማግሌዎች፣ ሼህ እንድሪስና አያ ሞላ፣ የከብት ተራው አቧራ ሳይራገፍላቸው።

«ልጄን ካላመናት፣ እኔንም ካላመነኝ» አለ ጋሽ ያሲን፣ «ዋሶቼ እነዚህ ናቸው።»

ሰናይት አልሳቀችም። ለዚህ ነው የምወዳት። ወንበር አቀረበችና ማሽኑ የተጠራጠረው እነሱን ሳይሆን የምዝገባውን ቤት መሆኑን አስረዳቻቸው።

«እሱስ ዋስ የለውም?» አሉ ሼህ እንድሪስ።

«አለው፤ ይኸው።»

«ለዋሱስ ዋሱ ማን ነው?»

ሰናይት በጣቷ ማያ ገጹን አሳየቻቸው። «እሱ የመጨረሻው ነው አባቴ። ለራሱ የፈረመው ራሱ ነው።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። «እንዲህ ያለው ሰው ከብት ተራ ቢመጣ» አሉ አያ ሞላ፣ «በሬውን ፖሊስ ጣቢያ ነበር የምናስገባው።»

ፋጡማ የሻሿን ጫፍ ትጠመዝዛለች። ሰናይት ለደሴዋ ጓደኛዋ ደወለች፤ ዋሱ እንደ ጣት አሻራ ያለ ረጅም ቁጥር አለው፣ አንዷ ስታነብ ሌላዋ እየተከተለች አመሳከሩት። ልክ ሆነ።

«የደሴዋን ልጅ ታውቂያታለሽ?» አሉ ሼሁ።

«አብረን ነው የተማርነው።»

«እሷን አንቺ ካወቅሻት፣ አንቺን እኛ እናውቅሻለን። እሺ በይው።»

እሺ አለችው። ቀዩ ጽሑፍ ጠፋ፤ ፋጡማ ተመዘገበች። አያ ሞላ ሲወጡ ጋሽ ያሲንን «ወንድሞችህ ከተናገሩ፣ ዋሶቹ እኛ ነን በላቸው» አሉት። ሽማግሌ ዋስ የሆነበትን ነገር አጎት አያፈርሰውም። የሠርጉ ምዝገባ በዚያው ተዘጋ።

ዓለም ሁሉ የሚያምናቸው እነዚያ ለራሳቸው የፈረሙ ትልልቅ ዋሶች፣ በቆቦ በኩል ዋሳቸው ሼህ እንድሪስና አያ ሞላ መሆናቸውን አያውቁም። ባያውቁም ግድ የለም። የካዱ ዕለት የት እንደሚጠየቁ እኛ እናውቃለን፤ ከብት ተራ።